ያልተጠየቀችው

ሦስተኛው ጎል ሲገባ ጽጌሬዳ አላዘነችም፤ ተናደደች። ኳሷ በበረኛው በደግፌ እጆች መካከል ሾልካ መረቡን ስትመታ የአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ሕዝብ በሳቅ ፈነዳ። እሷ የክብር እንግዶች ከተቀመጡበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ሆና የነጠላዋን ጥለት በጥርሷ ነክሳ ያዘች። የደግፌን እጅ እንደ እሷ የሚያውቀው የለም። ከጭቃ ውስጥ ደቃቅ ጠጠር ለቅሞ የሚያወጣ፣ የወረወሩለትን ሁሉ ዘወር ሳይል የሚቀልብ እጅ ነበር። ዛሬ ሦስት ጊዜ ተዘርግቶ ሦስት ጊዜ ባዶውን ተመለሰ።

አንድም ጊዜ ቀና ብሎ አላያትም። ከሁሉ ያንገበገባት ይኼ ነው።

የዕለቱ ጨዋታ የክፍለ ሀገሩ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ባንድ በኩል የአርባ ምንጭ «ድል በትግል» ቡድን አለ፤ ቢጫ ማሊያ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለጥርስ ጫማ፣ የራሱ አሠልጣኝ፣ የራሱ መኪና። በሌላው በኩል የጨንቻ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ማኅበር ቡድን አለ። እነዚህ ጠዋት በጭነት መኪና ላይ ተጭነው፣ የደጋ ብርዳቸውን ጥለው ወደ ቆላው ሙቀት የወረዱ ናቸው። አምስቱ ሸራ ጫማ አድርገዋል፤ የቀሩት በባዶ እግራቸው ነው። እዚህ ድረስ ይደርሳሉ ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ሲደርሱም ከተማው ስም አወጣላቸው፤ «ጭቃዎቹ» አላቸው።

ስሙን ያወጣው ሸዋንዳኝ ነው፤ የድል በትግል አምበል፣ በመሥሪያ ቤቱም ካድሬ። ከጨዋታው በፊት ይኸው ሰው ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ ስለ ሠርቶ አደሩ እኩልነት ሩብ ሰዓት ያህል ደስኩሯል። ከዚያ ማጉያውን አስቀምጦ ለጓደኞቹ «እስቲ ጭቃዎቹን እናቡካቸው» ሲል ጽጌሬዳ በጆሮዋ ሰምታዋለች። ነገ ከሰዓት ይኼው ሸዋንዳኝ የላካቸው ሽማግሌዎች ሴቻ ሰፈር ከሚገኘው ቤታቸው መጥተው የአባቷን የመጨረሻ ቃል ይቀበላሉ።

አባቷ አቶ ወልደሥላሴ አጠገቧ ተቀምጠዋል። የጨንቻ ተወላጅ ናቸው፤ በደጋውም በቆላውም የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የደም ነገር ሲነሳ ከሩቅ የሚጠሩ ሽማግሌ። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው በቀስታ ወደ እሷ አዘነበሉ።

«አየሽው? ጎል መጠበቅ ያቃተው ትዳር ይጠብቃል ብለሽ ነው?»

«አባባ፣ ኳስ ነው የማየው» አለች።

«እኔም ስለ ኳስ ነው የማወራሽ።»

መልስ ብትሰጥ ነገሩ እውነት እንዳይሆንባት ፈራች። ምክንያቱም ከሁለት ወር ወዲህ እሷም ለራሷ የምትለው ይህንኑ ነበር፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ክረምት ነበር የተዋወቁት። ከመሥሪያ ቤቷ የጽሕፈት መኪና ላይ ተነስታ፣ ጨንቻ ሸክላ ሠሪዎች መንደር ፊደል እንድታስቆጥር ተላከች። ደግፌ ዳልጮ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ በመሆኑ የምትናገረውን ለእናቶቹ ወደ ጋሞኛ ይመልስላት ነበር። መጀመሪያ ቃሏን መለሰ፣ ቀጥሎ ሳቋን፣ በመጨረሻ ዝምታዋን ሳይቀር መመለስ ቻለ። የእሱ እናት ማሚቱ ደግሞ ከተማሪዎቿ ሁሉ ጎበዟ ነበረች። በማሚቱ ድስት ወጥ የማይሠራ የጨንቻ ቤት የለም፤ ከማሚቱ እጅ ውሃ ተቀብሎ የሚጠጣ ቤት ግን አልነበረም። አብዮቱ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ ብሎ መናቅ ቀርቷል ብሎ አውጇል። አዋጁ በየአደባባዩ ተነበበ፤ ንቀቱ በየጓዳው ተቀመጠ።

ሁለት ዓመት ተጻጻፉ። ከዚያ ባለፈው መስከረም የደግፌ ደብዳቤ በድንገት ቆመ። አራት ጊዜ ጻፈችለት። አራተኛው ላይ የሸዋንዳኝን ሽማግሌዎች ነገር አንስታ፣ «ካልመጣህ ዝምታህን እንደ መልስ እቆጥረዋለሁ» አለችው። አልመጣም፤ አልጻፈም። ዛሬ መጣ፤ እሱም ሦስት ጎል ሊገባበት።

የዕረፍቱ ፊሽካ ሲነፋ ብድግ አለች። አባቷ «የት ነው?» ሲሏት «ውሃ ልጠጣ» አለችና ሜዳውን በሰያፍ አቋረጠች። ልትሰድበው ነው የሄደችው። ስድቡን አዘጋጅታዋለች፤ ሁለት ወር ሙሉ ስትስለው ከርማለች።

የደጋ ልጆች ከሜዳው ዳር ሾላው ሥር ተዘርረው ነበር። ማሚቱ ከመካከላቸው ቆማ ከገንቦ ውሃ በጣሳ ታድላለች። ደግፌ ከሁሉ ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ተቀምጧል። ጽጌሬዳ ወደ እሱ ስታልፍ ማሚቱ መንገዷ ላይ ገብታ ቆመች።

«አስተማሪዬ፣ ተይ። እሱ ጋ አትሂጂ።»

«ለምን? ሁለት ወር አፉን የዘጋው ሰው ዛሬ ጆሮውንም ዘጋ?»

«ቃል አለበት።»

«የምን ቃል? ለማን?»

ማሚቱ ጣሳውን ዝቅ አደረገች። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ጽጌሬዳ መጀመሪያ ፍርሃት መሰላት፤ ኋላ ነው ንዴት መሆኑን ያወቀችው።

«አንቺ አታውቂም?» አለች ማሚቱ። «አባትሽ መጣ። መስከረም ላይ። በጧት። ብቻውን። ርጥብ ሳር በእጁ ይዞ መጣ። ቤት ግባ አልኩት፤ አልገባም። ውሃ ሰጠሁት፤ አልጠጣም። ከደጄ ላይ ግን ተንበረከከ። ይኼ ጉልበቱ መሬት ነካ። ልጄን ‹ጽጌሬዳን ተዋት፣ አትጻፍላት፣ አትቅረባት› ብሎ በሳር ለመነው።»

ጽጌሬዳ ያደገችው ከአስታራቂ ሽማግሌ ቤት ነው። ርጥብ ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። በጋሞ ምድር ጦር ያነሳ ሰው እንኳ ያን ሳር ሲያይ ጦሩን ይጥላል። የወንድሙን ገዳይ ሊገድል የወጣ ሰው በዚያ ሳር ይመለሳል። እምቢ ማለት፣ ዘሎ ማለፍ የለም። አባቷ ያንን ደም የሚያቆም ሳር ይዘው፣ ውሃዋን ከማይጠጡላት ሴት ደጃፍ ሄደው፣ የልጃቸውን ፍቅር አቆሙበት።

«ደብዳቤዎቼስ?»

«አልከፈተም። ‹ማንበብም መቅረብ ነው› አለ። እኔ ደግሞ የአንቺን ጽሕፈት አውቃለሁ፤ አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። ከፍቼ ላንብብ አልኩ፤ ‹እማ፣ ቃሌን አታስፈርሺኝ› ብሎ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ።»

ያ ሁለት ወር የተሳለው ስድብ ከእጇ ወደቀ። ንዴቷ ግን አልወደቀም፤ አቅጣጫውን ብቻ ለወጠ። ዞር ብላ ወደ ክብር መቀመጫው አየች። አባቷ ከሸዋንዳኝ ጋር ቆመው ለስላሳ ይጠጡ ነበር። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን ጠላቻቸው፤ መጥላቷም አላሳፈራትም።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ወደ አግዳሚው አልተመለሰችም። ደግፌ የሚጠብቀው ጎል አሁን ከሰው ራቅ ባለው በኩል ነበር። ከመረቡ ጀርባ ሄዳ ቆመች። ኳሷ ሩቅ ነች።

«ደግፌ።»

ትከሻው ደነገጠ። አልዞረም።

«ጽጌሬዳ፣ እባክሽ ሂጂ።»

«ኳስህን እያየህ ስማኝ። አባቴ ካንተ ዘንድ መጥተው ተንበርክከው ኖሯል።»

«አዎ።»

«አንተም እሺ አልክ።»

«ምን ልበል?» አለ፤ ድምፁ ሻክሮ ነበር። «የእሳቸውን ያህል የተከበረ ሰው ከእኛ ደጃፍ ቆሞ አያውቅም፤ እንኳን ሊንበረከክ። ሲንበረከኩ አንድ ነገር ልንገርሽ? ደስ አለኝ። ሰው ሆንኩ ብዬ አሰብኩ። ለእኔ ሽማግሌ ተንበረከከልኝ ብዬ።»

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!»

«ስደቢኝ። ግን አንቺም እሺ ብለሻላ። እኔ ብቻዬን አልወሰንኩም።»

«እኔ? እኔ መቼ እሺ አልኩ?»

አሁን ዞረ። በጨዋታ መካከል፣ ሕዝብ እያየው፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ዞረ። ዐይኖቹ በላብና በአቧራ ቀልተዋል።

«ሽማግሌ አንዱን ወገን ብቻ አይለምንም» አለ። «ሳር የያዘ ሰው መጀመሪያ ከአንዱ ዘንድ፣ ቀጥሎ ከሌላው ይሄዳል። ወጉ ነው። እኔ ዘንድ ሲመጡ አንቺን ጨርሰው የመጡ መስሎኝ ነበር። ደብዳቤዎቹም የመሰነባበቻ መስለውኝ ነው ያልከፈትኳቸው። አልጠየቁሽም?»

«ማንም አልጠየቀኝም» አለች። «አባቴም አልጠየቁኝም፤ አንተም አልጠየቅከኝም። ሁለት ወንዶች ከአንድ ደጃፍ ላይ ተነጋግራችሁ ስለ እኔ ቆርጣችሁ ሄዳችሁ። ነገ ደግሞ ለዚያ ለቢጫ ለባሽ ልሰጥ ነው። አሁንም የሚጠይቀኝ የለም።»

«ኳሱ!» የሚል ጩኸት መጣ። ደግፌ ሲዞር ሸዋንዳኝ ብቻውን ደርሶ እግሩን አንስቷል። የተመታችውን ኳስ ያወጣት በምን ተአምር እንደሆነ ጽጌሬዳ አላየችም፤ ያየችው ሲነሳ ነው። ጥርሱን ነክሶ ነበር። ኳሷን በክንዱ ስር አጥብቆ ይዞ፣ ለጓደኞቹ በጋሞኛ አንድ ነገር ጮኸላቸው። ያን ድምፅ ከእሱ ሰምታ አታውቅም። ያ የደጋ ልጅ ሁለት ወር አንገቱን ደፍቶ የዋጠው ንዴት አሁን ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሲቀላ ሕዝብ ራሱ አላመነም። እነዚያ በባዶ እግራቸው የቆሙ ልጆች ባለጥርስ ጫማውን መፍራት ተዉ። ሲረግጧቸው ይነሳሉ፤ ሲነሱ ይሮጣሉ። ከሸማኔዎቹ ልጆች አንዱ ከመሀል ሜዳ ነድቶ አንድ አገባ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሩብ ሲቀረው ሁለተኛው ገባ። ሦስት ለሁለት ሲሆን ቅድም ይስቅ የነበረው ሕዝብ «ጭቃ! ጭቃ!» ማለት ጀመረ፤ አሁን ግን ለድጋፍ ነበር። ማሚቱ ጣሳዋን እንደያዘች ከመስመሩ ዳር ወዲያና ወዲህ ትል ነበር። ጽጌሬዳ ከመረቡ ጀርባ አልተነቃነቀችም፤ እንባዋ እየወረደ መጥረጉንም ረስታው ነበር።

ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ዳኛው ለድል በትግል ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ለምን እንደሰጠ የገባው ሰው ሜዳው ላይ አልነበረም። ሸዋንዳኝ ኳሷን አስቀምጦ፣ መረቡን አሻግሮ ጽጌሬዳን ዐይን ዐይኗን አያትና ፈገግ አለ።

መታ። ደግፌ በቀኙ ተወርውሮ ኳሷን በሁለት እጁ ከመሬት ጋር ለጠፋት። ሸዋንዳኝ አልቆመም። ሮጦ ደርሶ በባለጥርስ ጫማው ከኳሷ በላይ ያለውን እጅ ረገጠው፤ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ።

ደግፌ አልጮኸም። የጮኸችው ጽጌሬዳ ነች። ቀጥሎ ሜዳው ተናጋ። የጨንቻ ልጆች በሸዋንዳኝ ላይ ዘለሉበት፤ ቢጫዎቹ በእነሱ ላይ፤ ሕዝቡ ገመዱን በጥሶ ድንጋይ እያነሳ ገባ። ሁለት የታጠቁ የአብዮት ጥበቃ አባላት ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ሰው የሚሞትበት ደቂቃ ነበር።

ያን ጊዜ አቶ ወልደሥላሴ ከሜዳው ዳር ካለው የውሃ ቦይ ርጥብ ሳር ነጭተው ገቡ። ከዘራቸውን ጥለዋል። ሳሩን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው በድንጋዩና በጠመንጃው መካከል ሄደው ተንበረከኩ። መጀመሪያ የደጋ ልጆች ቆሙ፤ ድንጋይ የያዘው እጅ ሁሉ ዝቅ አለ። ቢጫዎቹም ሳይገባቸው ቆሙ። ሜዳው ጸጥ አለ። ዳኛው በዚያ ጸጥታ ውስጥ ፊሽካውን ነፋ። ድል በትግል ሦስት ለሁለት አሸነፈ፤ ያጨበጨበ ግን አልነበረም።

ጽጌሬዳ አባቷን አየቻቸው። በዚያች ደቂቃ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ የሰው ነፍስ አድነዋል። ይኼ ነው ይበልጥ ያቃጠላት። እንዲህ የከበረውን ነገር ለምን አረከሱት?

ሰዉን ገፍታ ከፊታቸው ደረሰች። ገና ከጉልበታቸው እየተነሱ ነበር።

«አባባ፣ አይነሱ። የቀረ ሰው አለ።»

«ማን ነው የቀረው?»

«እኔ ነኛ። መስከረም ላይ እርስዎ ለደግፌ ተንበረከኩ። ወጉ ሁለቱንም ወገን ነው። እኔን አልጠየቁኝም። ይኸው ሳሩ በእጅዎ ነው፤ አሁን ይጠይቁኝ።»

አቶ ወልደሥላሴ ፊታቸው ጠቆረ። «ይኼ የቤት ነገር ነው። ቤት እንነጋገራለን።»

«ለደግፌ ሲሉ ከሰው ደጃፍ ሄደዋል። ለእኔ ሲሆን ለምን ቤት ይሆናል?» አለች። «እሺ እልዎታለሁ። ሳር የያዘ ሽማግሌ፣ ያውም አባቴን፣ ዘልዬ አላልፍም። ነገ ለወደዱት ይስጡኝ። ግን ሽማግሌ ሲለምን የሚለምነውን ነገር በአፉ ይናገራል። እርስዎም ይናገሩ። ይቺ ማሚቱ ቆማለች፤ ጓዶቹም ቆመዋል፤ ሕዝቡም ቆሟል። ‹ልጄ ሆይ፣ ይህን ሰው ተዪው› ይበሉና ምክንያቱን ይጨምሩበት። ጮክ ብለው።»

ሽማግሌው ሳሩን ይዘው ቆሙ። አፋቸውን ከፈቱ። ከፊታቸው ማሚቱ ጣሳዋን በደረቷ አቅፋ ትመለከታቸዋለች። ከማሚቱ ጎን ደግፌ የተረገጠ እጁን በማሊያው ጠቅልሎ ቆሟል፤ ደሙ በክንዱ ይወርዳል። ስንት ነፍሰ ገዳይ ከስንት ሟች ቤተሰብ ያስታረቀ አፍ፣ ያቺን አንዲት ምክንያት በፀሐይ ሊናገራት አልቻለም። ከንፈራቸው ሁለቴ ተንቀሳቀሰ። ጽጌሬዳ ጠበቀቻቸው። አላዘነችላቸውም።

ሸዋንዳኝ ከኋላ «አቶ ወልደሥላሴ፣ እንሂድ እንጂ» አለ።

ዞረው አዩት። የጫማው ጥርስ ላይ ያለውን ደም አዩ። ከዚያ ወደ ደግፌ ሄዱ፤ እየተጎተቱ ነበር የሄዱት።

«ያን ቀን የለመንኩህን» አሉ፤ ድምፃቸው ለቅርብ ሰው ብቻ ተሰማ፤ «መልሼ ወስጃለሁ። ለነገሩ መለመንም አልነበረብኝም።»

«ለእሱ ብቻ ነው የሚነግሩት?» አለች ጽጌሬዳ።

ቀጥሎ ማሚቱ ፊት ቆሙ። ራሳቸውን ብቻ ዝቅ አደረጉና ከዘራቸውን ሳያነሱ፣ ሰውን ሳያዩ፣ ብቻቸውን ወደ ሴቻው መንገድ አቀኑ። ጽጌሬዳ እስኪርቁ አየቻቸው። ልቧ አልራራም።

ደግፌ ቀረብ አለ። «እጄን ምን አደረገው መሰለሽ…» ብሎ ጀመረ።

«ስለ እጅህ አትንገረኝ፤ አይቼዋለሁ።» ከነጠላዋ ጥለቱን ተርትራ ቀደደችና ጣቶቹን አንድ በአንድ ማሰር ጀመረች። ሲያመው ትከሻውን ሰበቀ፤ እሷ ግን አላላላችም። «ሳትጠይቀኝ ነው የሰጠኸኝ። ይኼን በአንድ ቀን የምረሳው እንዳይመስልህ።»

«አልመሰለኝም።»

«ዛሬ አልታረቅህም።»

«እሺ።»

«ነገም አልታረቅህም። ከነገ ወዲያም።»

ጭነት መኪናው ከሾላው ሥር ሞተሩን አስነሳ። የጨንቻ ልጆች አንድ በአንድ እየተጎተቱ ወጡ፤ ማሚቱ ገንቦዋን አቀበለቻቸው። ደግፌ ወደ መኪናው አየ፤ ቀጥሎ ወደ እሷ አየ። የሚጠይቀው ነገር አፉ ላይ ነበር፤ ለመጠየቅ ግን ፈራ።

«ጠይቀኝ» አለች ጽጌሬዳ፤ አሁንም በቁጣ።

«ጽጌሬዳ፣ ከእኔ ጋር ትመጫለሽ?»

ቋጠሮውን አጥብቃ አሰረች። እንባዋ በእጁ ላይ ተንጠባጠበ።

«እመጣለሁ» አለች። «እጣላሃለሁ፤ ዕድሜ ልኬን እጣላሃለሁ። ስጣላህ ግን ከጎንህ ሆኜ ነው።»